ባሕር ዳርን በሐይቁ ሰዓት፦ ለመዝናናትም ለሥራም ለሚመጣ ሰው ዝርዝር መመሪያ

ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋቱን በእንቅልፍና በቁርስ ያሳልፍና ከምሳ በኋላ «በሉ እንግዲህ ጀልባ እንያዝ» ይላል። ጉዞው የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ባሕር ዳር የወደብ ከተማ ናት፤ ወደቡን የሚያዘው ደግሞ ነፋስ ነው። ጣና ማለዳ ላይ ረግቶ ይቆያል። ቀኑ እየጋለ ሲሄድ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ሽቅብ ሲነሣ የሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ወደ ዳር ይነፍሳል። ከቀትር በኋላ ማዕበል የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ይዞ ጥልቅ በተባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ሰፊና ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ የሚነሣ ማዕበል አጭርና ተከታታይ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባ አንዱን ሳታልፍ ሌላው ይደርስባታል።

እቅዳችሁን ሁሉ በአንድ ደንብ ሥሩት፦ ጠዋት ለውሃ፣ ከሰዓት በኋላ ለየብስ። ገዳማትና ጀልባ ጠዋት ይሁኑ፤ ገበያ፣ ስብሰባ፣ ብስክሌት፣ የቤዛዊት ኮረብታ ከሰዓት በኋላ ይደርሳሉ። ይህን የገለበጠ ሰው ገንዘቡንም ልቡንም ያጣል።

ከተማዋ ሰሞኑን መልኳን ቀይራለች። 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የአባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። የኮሪደር ልማቱ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶችን አስፍቷል፤ ተከልሎ የነበረውንም የሐይቅ ዳርቻ ለሕዝብ ከፍቷል። ጣናነሽ 2 የተባለችው ትልቅ ጀልባም በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በየብስ ተጓጉዛ ጣና ደርሳለች። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በፊት መጥቶ የነበረ ዘመድ የነገራችሁን አቅጣጫ እንዳለ አትከተሉ። የታክሲ መቆሚያ፣ የጀልባ መሳፈሪያ፣ የመኪና ማቆሚያ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ባጃጅ ነጂ ጠይቁ፤ የዛሬውን የሚያውቀው እሱ ነው።

መጀመሪያ፦ መንገዱን ማወቅ

ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ስለ ጸጥታው ጠይቁ። የክልሉ ሁኔታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተለዋዋጭ ነው፤ መንገድ ይዘጋል፣ የሰዓት እላፊ ይታወጃል፣ የባጃጅ መንቀሳቀሻ ሰዓት ይገደባል፣ ኢንተርኔትም ሊቋረጥ ይችላል። የምትጠይቁት ሰው አዲስ አበባ ያለው ወዳጃችሁ ሳይሆን የምታርፉበት ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ይሁን። አንድ ጊዜ ከመነሣታችሁ ሁለት ቀን በፊት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በዋዜማው ደውሉ። ጥያቄው ደግሞ «ሰላም ነው ወይ?» ከሆነ መልሱ ሁልጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ይልቅ «ዛሬ ከደጀን በኩል አውቶቡስ ገብቷል? ማታ እስከ ስንት ሰዓት ይንቀሳቀሳል? ጢስ አባይ የሚሄድ እንግዳ አለ?» ብላችሁ ነጥሉት።

በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ማረፊያው የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም የተሰጠው ሲሆን ከከተማዋ በስተምዕራብ ነው። ትኬቱ ላይ ያለው ስም መታወቂያችሁ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል፤ የአያት ስም የጎደለበት ትኬት በር ላይ ያስቆማል። በየብስ ለምትመጡ ሁለት መንገድ አለ። ዋናው ከደጀን በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ በመርዓዊ ይገባል። አጭሩ ከደጀን ወደ ቀኝ ታጥፎ በብቸና፣ በሞጣና በአዴት ይመጣል። አጭር መሆኑ ብቻ አይወስንላችሁ፤ የትኛው ክፍት እንደሆነ የሚነግራችሁን ስሙ።

የራሳችሁን መኪና የምትነዱ ከሆነ የአባይ በረሃን ቁልቁለት አክብሩት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ፣ ከድልድዩ እስከ ደጀን ቁልቁለቱና አቀበቱ ተደምሮ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ የሚቃጠል ጎማ የመሰለ ሽታ ይሸተዋል፤ ፍሬኑ ግሎ መያዝ ያቅተዋል። ከላይ ስትጀምሩ ሁለተኛ ማርሽ ግቡ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዛችሁ፣ ፍሬን እየረገጣችሁ ልቀቁት እንጂ እግራችሁን ጭናችሁ አትውረዱ። ሽታው ከመጣ ዳር ይዛችሁ ቁሙና 20 ደቂቃ አብርዱት፤ ውሃ አታፍስሱበት፣ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል። ጀምበር ስትጠልቅ መንገድ ላይ እንዳትገኙ ከአዲስ አበባ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሡ።

መቼ መምጣት ይሻላል?

ምን ለማየት እንደምትመጡ ይወስነዋል። የጢስ አባይን ፏፏቴ በሙሉ ግርማው ማየት የሚፈልግ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር ይምጣ። ለጀልባና ለገዳማት ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ጠዋቱ ይረጋል። ሁለቱንም በአንድ ጉዞ የሚሻ ሰው ጥቅምትን ይምረጥ። መጋቢትና ሚያዝያ ከተማዋ ትሞቃለች፤ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም የቀትር ፀሐይዋ ደገኛውን ያደክማል። በሐምሌና በነሐሴ ብዙ ገዳማት ያሉበት የዘጌ ልሳነ ምድር የእግር መንገድ ጭቃ ይሆናል፣ ዝናቡም አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ በክረምትም ቢሆን የጠዋቱ ደንብ አይቀየርም።

ጥምቀት ሲቃረብ ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገደኛ ሁሉ ባሕር ዳር ያድራል። ለዚያ ሳምንት ክፍል ቢያንስ አንድ ወር ቀድማችሁ ያዙ፤ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ያለባችሁ ደግሞ በዚያ ሳምንት ባትመጡ ይሻላል።

ማረፊያ ስትይዙ የሚጠየቁ ነገሮች

ሐይቅ ዳር ማደር ደስ ይላል፤ ግን ውሃ ባለበት ትንኝ አለ። በስልክ ስትይዙ አጎበር መኖሩን፣ መብራት ሲጠፋ ጀኔሬተሩ ሌሊትም መሥራቱን፣ ውሃው የራሱ ታንከር ያለው መሆኑን ጠይቁ። የተነገራችሁ ዋጋ 15 በመቶ ቫትና 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ የጨመረ መሆን አለመሆኑን አረጋግጡ፤ ሳይጨምር የተነገረ ዋጋ ሲከፈል አንድ አራተኛ ያህል ከፍ ይላል። ጊዮርጊስ አካባቢ ያረፈ ሰው ሌሊት ማሕሌቱን በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ለአንዱ በረከት ነው፣ ነገ ስብሰባ ላለበት ደግሞ ከጀርባ በኩል ያለ ክፍል መጠየቅ ነው።

ለሥራ የመጣችሁ ከሆነ ስትገቡ እንጂ ስትወጡ አትጠብቁ፦ የመሥሪያ ቤታችሁን ሙሉ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ለገንዘብ ተቀባዩ ስጡ። ከማሽን የወጣ ደረሰኝ ላይ መለያ ቁጥሩ ከሌለ ሒሳብ ክፍሉ አያወራርድላችሁም፤ አንዴ የተቆረጠ ደረሰኝ ደግሞ ማስተካከል አድካሚ ነው።

ጀልባ መያዝ

የጉዞው ልብ ይህ ስለሆነ ጊዜ ወስደን እንየው።

የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ አለ፤ የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ከባሕር ዳር ወደብ ተነሥቶ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል እስከ ጎርጎራ ድረስ ሰውና ጭነት ሲያመላልስ የኖረ ነው። ርካሽ ነው፣ ከሐይቁ ሰው ጋርም ያገናኛል፤ ግን በየቀኑ በሁሉም አቅጣጫ አይሄድም፣ የጎርጎራው ጉዞም መንገድ ላይ ሊያሳድር ይችላል። የመነሻ ቀኑንና ሰዓቱን በስልክ ከሰማችሁት ይልቅ በዋዜማው ወደቡ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ። ጎብኚ በብዛት የሚጠቀመው ከማኅበራት የሚከራየውን የሞተር ጀልባ ነው።

ዋጋውን በዋዜማው ጨርሱ፤ ጠዋት ላይ መከራከር የረጋውን ውሃ ያባክናል። ስትስማሙ አምስት ነገር በግልጽ ተናገሩ። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ? የሚኬድበት ቦታ በስም የትኛውና የትኛው ነው? ስንት ሰዓት ይጠብቃችኋል? ነዳጁ በዋጋው ውስጥ ነው? አስጎብኚው የሚከፈለው ለብቻ ነው? የገዳማቱ መግቢያ ሁልጊዜ ለብቻው የሚከፈል ነው፤ በየገዳሙም ይለያያል። ግማሹን ስትነሡ፣ ግማሹን ስትመለሱ ክፈሉ። ብዙ ጊዜ ጠብ የሚነሣው «ዘጌ» ተብሎ ተስማምቶ አንዱ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው ሦስት ሲያስብ ነው። ስለዚህ «ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም» በሉ እንጂ «ዘጌ» ብላችሁ አትተዉት።

ከመሳፈራችሁ በፊት ጀልባዋን በዓይናችሁ መርምሩ። የነፍስ አድን ሰደርያ ለእያንዳንዱ ሰው መኖሩ አይበቃም፤ አንዱን አንሡና ማሰሪያውን ቆልፉት። መቆለፊያው የተሰበረ ሰደርያ ውሃ ውስጥ በራስ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ለልጅ በልኩ ካልተገኘ ልጁን አታሳፍሩ፤ የአዋቂ ሰደርያ አገጩን ይደፍነዋል እንጂ አያነሣውም። የጀልባዋን ወለል እዩ፦ ትንሽ ውሃ መኖሩ የተለመደ ነው፣ መቅጃ ቆርቆሮ አለመኖሩ ግን ጥሩ ምልክት አይደለም። የነዳጅ ጀሪካኑን ነካ አድርጉ፤ ለመልስ የሚተርፍ መሆን አለበት። መቅዘፊያ አለ? ቢላዋ አለ? የቀዛፊው ስልክ ባትሪ አለው? እነዚህን ጠይቆ የተቆጣ ባለ ጀልባ ካለ ሌላ ያዙ።

ቢላዋው ለምን እንደሚያስፈልግ እንናገር። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣናን የወረረው እንቦጭ የተባለ የውሃ አረም በብዛት በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻው ቢሆንም በነፋስ እየተገፋ በየቦታው ይደርሳል። ረጅም ሥሩ ከውሃው በታች ተንጠልጥሎ የሞተሩን ውልብልቢት ይጠመጥማል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ግን አትራመድም፤ ወይም ሞተሩ አጓርቶ ይጠፋል። ቀዛፊው ሞተሩን ያጠፋል፣ ወደ ላይ አጋድሞ ውልብልቢቱን ከውሃ ያወጣል፣ ሥሩን በቢላዋ እየቆረጠ ይነቅላል፣ መልሶ ያወርደዋል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። የእናንተ ድርሻ በዚያን ጊዜ አለመቆምና ሁላችሁም ወደ ኋላ አለመሰብሰብ ነው፤ ሞተሩ ያለበት ጫፍ በራሱ የከበደ ነው። ሞተር የሚጠፋበት ሌላው ምክንያት ቆሻሻ ወይም ውሃ የገባበት ቤንዚን ነው፤ ይህ ሲሆን ሞተሩ እየተንተፋተፈ ደክሞ ይቆማል። ማጣሪያውን ለማጽዳት ጊዜ ይወስዳል፣ ጀልባዋም በማዕበል ጎኗን ትሰጣለች። መቅዘፊያው የሚያስፈልገው አፍንጫዋን ወደ ማዕበሉ ለማዞር ነው።

ነፋስ ቢይዛችሁ ዝቅ ብላችሁ መሐል ላይ ተቀመጡ፣ ሰደርያውን ቆልፉ፣ ቀዛፊው ቀስ ሲል «ፍጠን» አትበሉት። ቀስ የሚለው ማዕበሉን በአፍንጫዋ ለመቀበል ነው። «ይህ ነፋስ እስኪበርድ ዘጌ እንቆይ» ካላችሁ እሺ በሉት። ከዘጌ ባሕር ዳር የመኪና መንገድም ስላለ መንገዱ ሰላም ከሆነ በየብስ መመለስ ይቻላል።

ሰዓቱን እንዲህ አድርጉት። ለዘጌ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ወደቡ ላይ ሁኑ፤ እንደ ሞተሩ ጉልበት ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ሁለት ገዳም አይታችሁ ከ6 ሰዓት በፊት ተነሡ። የክብራንና የእንጦስ ደሴት ገዳማት ከወደቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ናቸው፤ ከዘጌ ጋር በአንድ ጠዋት ይያዛሉ። የዳጋና የናርጋ ገዳማት ሩቅ ናቸው፤ ለአንድ መንገድ ብቻ ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጁ ከንጋቱ 12 ሰዓት ካልተነሣችሁ መልሱ በማዕበል ላይ ይወድቃል። ለእነዚህ ሁለቱ ትልቅ ጀልባ ያዙ፤ ትንሿን በርካሽ ያገኘ ሰው አተረፍኩ አይበል።

ደንገል ታንኳ ላይ መውጣት የምትፈልጉ ዳር ዳሩን፣ በረጋ ጠዋት፣ ከባለቤቱ ጋር ብቻ ሞክሩት። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቱ ከሥራ በኋላ አውጥቶ ያደርቀዋል፤ እርጥብ ሆኖ የዋለ ታንኳ ከተለመደው ዝቅ ብሎ ይሄዳል።

ገዳማቱ ውስጥ

ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ እወቁ፦ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ሳያውቁ ወደ ዳጋ ሦስት ሰዓት ተጉዘው እናትና እህት ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው የሚጠብቁበት ጉዞ ያሳዝናል። እንጦስ ኢየሱስ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና ናርጋ ሥላሴ ለሁሉም ክፍት ናቸው። ዳጋ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አስከሬን ያረፈበት ነው፤ ናርጋ ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቅ ደሴት ላይ ያሠሩት ነው።

አንድ ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ይምረጥ። ከመሳፈሪያው በቡናና በጌሾ ጥላ መሐል ሽቅብ 20 ደቂቃ ያህል ይኬዳል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ጫማ አውልቃችሁ ቅኔ ማሕሌቱን ስታልፉ መቅደሱን የከበበው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ቀረብ ብላችሁ ጠርዙን ተመልከቱ፦ ሥዕሉ የተሣለው በቀጥታ በጭቃው ላይ ሳይሆን በጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁ ከጭድና ከጭቃ በተሠራው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አንዳንድ ቦታ ጫፉ ተነሥቶ ክሩ ይታያል። ጣት ሲነካው፣ ቦርሳ ሲታከከው የሚላጠው እዚያ ላይ ነው፤ ቦርሳችሁን ከጀርባ ወደ ፊት አዙሩ፣ ፍላሽ አጥፉ። ሥዕሉን የሚያብራሩ ካህን ካሉ አትቸኩሉባቸው፤ በየጎኑ ያለው ታሪክ ቅደም ተከተል አለው።

ሴቶች ነጠላ፣ ሁሉም ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይያዝ። ቅዳሴ ባለበት ሰዓት ጎብኚ አይገባም፤ በጾም ወቅት ቅዳሴው ከቀትር ጀምሮ ስለሆነ ጠዋት መሄዱ እዚህም ይጠቅማል። ዝርዝር ብር ያዙ፤ ለመግቢያ ሺሕ ብር ሰጥቶ መልስ መጠበቅ ለገዳሙም ለእናንተም ችግር ነው። ጦጣዎቹ ሙዝ የያዘ እጅ ያውቃሉ፤ ምግባችሁን ቦርሳ ውስጥ ዝጉት።

ጢስ አባይ

ከባሕር ዳር በደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከከተማ ስለሚወጣ ስለ ጸጥታው በዚያው ዕለት ጠዋት ጠይቁ፤ መልሱ አጠራጣሪ ከሆነ ይቅር።

ሰው የሚያዝንበት ነገር አለና እንዲህ ነው። ፏፏቴው 42 ሜትር ያህል ይወረወራል፤ ውሃው ሲሞላ ስፋቱ ወደ 400 ሜትር ይደርሳል። ግን ከፏፏቴው በላይ ወደ ጢስ አባይ ማመንጫዎች የሚጠለፍ ውሃ አለ፤ በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ማመንጫም ከሐይቁ በዋሻ ውሃ ይወስዳል። በበጋ የሚቀረው ቀጭን ጅረት ነው። በመጋቢት ሄዶ «ይህ ነው ጢስ አባይ?» የሚል ሰው ቦታው አላታለለውም፤ ወሩ ነው። በበጋ የምትመጡ ከሆነ ከከተማ ሳትወጡ «ውሃው ተለቋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ትኬት የሚቆረጠው ጢስ አባይ ከተማ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ሁለት አቅጣጫ አለ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የአላታን የድንጋይ ድልድይ አልፎ ዳገቱን የሚወጣው መንገድ ረዘም ይላል፤ ፏፏቴውን ፊት ለፊት የሚያሳየው እሱ ነው። ሌላው ወንዙን በጀልባ አሻግሮ በሜዳ የሚያደርሰው ነው፤ ለሽማግሌና ለልጅ ይቀላል። ውሃው ሲሞላ ጀልባው ላይሠራ ስለሚችል በመስከረም የመጀመሪያውን አስቡ። ጥቁሩ ጭቃ ያንሸራትታል፤ የሚይዝ ጫማ አድርጉ፣ ስልካችሁን በላስቲክ ጠቅልሉ፣ ጢሱ እንደ ዝናብ ያርሳል።

ከሰዓት በኋላ፣ ከተማ ውስጥ

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ለብስክሌት የተፈጠረች ይመስላል። ስትከራዩ ሁለቱንም ፍሬን ጨብጡና ወደ ፊት ግፉት፣ ጎማው ካልቆመ አትውሰዱት። መያዣ መታወቂያ ከጠየቁ ፎቶ ኮፒ ስጡ እንጂ ዋናውን አትተዉ፤ ፍተሻ ላይ ያስፈልጋችኋል። ከጊዮርጊስ አካባቢ በዘንባባው ጥላ ወጥታችሁ በአዲሱ ድልድይ አባይን ተሻገሩ፤ ድልድዩ የራሱ የብስክሌትና የእግረኛ መሥመር አለው። ከዚያ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ዳገት ስለሆነ ባጃጅ ይሻላል። ከላይ ሆኖ አባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲጠማዘዝ ማየት የሚያምረው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። ጉማሬ የምትፈልጉ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በደብረ ማርያም በኩል በማለዳ ሂዱ፤ ከጀልባ ሳትወርዱ፣ ከእንስሳውና ከጥልቁ ውሃ መካከል ሳትገቡ።

ባጃጅ በሁለት መንገድ ይሠራል፤ በመሥመሩ በሰው የሚጭንና ኮንትራት። ሻንጣ የያዘ እንግዳ ካልተናገረ ኮንትራት ይታሰብበታል፤ «በሰው ነው» ብላችሁ ግቡ። ትልቁ የገበያ ቀን ቅዳሜ ነው።

ለሥራ የሚመጣ ሰው

ባሕር ዳር የአማራ ክልል መቀመጫ ስለሆነች ቢሮዎቹ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ሲያቅዱ የሚሳሳቱት በአንድ ቀን አራት ቢሮ ሲይዙ ነው፤ ሁለት ይበቃል። ደብዳቤያችሁ ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተምና ፊርማ ይኑረው፤ ሦስት ኮፒ ይዛችሁ አንዱ ላይ መዝገብ ቤቱ የገቢ ቁጥር እንዲጽፍበት አድርጉ። ያ ቁጥር የሌለው ሰው በማግስቱ «ደብዳቤው አልደረሰንም» ሲባል የሚያሳየው ነገር የለውም። ጉዳዩን ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ አስገቡ። አርብ የምሳ እረፍቱ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ነው፤ አርብ የተጀመረ ጉዳይ ሰኞ ላይ ያድራል። ስለዚህ ለሥራ የምትመጡ ሰኞ ማታ ግቡ፣ ማክሰኞና ረቡዕን ሥሩበት፣ ሐሙስን ለተረፈው ያዙ፣ አርብ ማለዳ ጀልባ ላይ ውጡ።

የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያና የፋይዳ መታወቂያ በስልክ ብቻ አትያዙ፤ ኢንተርኔት በሌለበት ቀን ወረቀት ያስፈልጋል። ቴሌብርም እንደዚሁ ነው፤ ለሁለት ቀን የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ ኑ። እንግዳችሁን ምሳ የምትጋብዙ ከሆነ ጾም መሆኑን አስቀድማችሁ እወቁ፤ ረቡዕና አርብ የዓሣ ቤት መምረጥ የሚያሳፍር ስህተት ሊሆን ይችላል።

ጤና

ሐይቁ ውስጥ አትዋኙ፣ እግራችሁንም ሣር በበዛበት ዳር አትንከሩ፤ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው እዚያ ነው። ከጉዞ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የታየበት ሰው «ጣና ነበርኩ» ብሎ ለሐኪም ይናገር። ወባም አለ፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ማታ ማታ ክንድና እግር ይሸፈን፣ አጎበሩ ከፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ። ለግማሽ ቀን ጀልባ በነፍስ ወከፍ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ያዙ።

ዓሣ ይዞ መመለስ

የጣና ዓሣ የሚገዛው ማለዳ፣ ታንኳና ጀልባ ሲገባ ነው። ቆሮሶው፣ አምባዛውና ነጭ ዓሣው ተለይቶ ይቀርባል። ስንጥቡን ገልጣችሁ እዩ፤ ደማቅ ቀይ ይሁን። ቡናማ ከሆነ ትናንት የወጣ ነው። ዓይኑ የጠራና ያበጠ፣ ሥጋው በጣት ሲጫን የሚመለስ ይሁን። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣው ሊራባ ወደ ጉማራ፣ ርብና ግልገል አባይ ይወጣል፤ በወንዝ አፍ ተጠምዶ እንቁላሉ ከሆዱ የሚፈስ ዓሣ ሲቀርብላችሁ አትግዙ። አብዛኞቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ከጣና በቀር በዓለም የትም የሉም፣ በወንዝ አፍ የሚጠመደውም የሚመጣው ዓመት ዓሣ ነው።

ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ ፍሪዘር ውስጥ ሌሊቱን ይደር፤ ሆቴሉ አብዛኛውን ጊዜ ይተባበራል። ጠዋት በሁለት ላስቲክ፣ ከዚያ በአምስት ወይም ስድስት ድርብ ጋዜጣ፣ ከዚያ በካርቶን ጠቅልሉት። በረዶ አትጨምሩ፤ ይቀልጥና ካርቶኑን ያርሳል፣ የሚያንጠባጥብ ዕቃ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይመለሳል። እንዲህ የታሰረ የበረደ ዓሣ አዲስ አበባ እስኪደርስ አራትና አምስት ሰዓት ሳይቀልጥ ይቆያል፤ በአውቶቡስ ለሚሄድ ግን ቀኑን ሙሉ አይችልም፤ እሱ ደረቁን ቋንጣ ይግዛ።